እናቴን ወንዶ ገነት ልወስዳት ነበር

በአገራችን የሞት ወሬ ለቅርብ ሰው እንዲሁ አይወረወርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። እኔም በዚሁ ልማድ ውስጥ አድጌ፣ ደግነቱን አንድም ቀን ሳልጠራጠር ኖሬያለሁ። ከእናቴ ጋር ለጉዞ ስንሰናዳ የሰነበትንበትን ያንን ሳምንት ካየሁ ወዲህ ግን፣ በጠዋት በር ሲንኳኳ ልቤ የሚመታው በሌላ መንገድ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ተወልጄ ያደግሁት አራዳ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። ወጣትነቴን የጨረስኩት ግን ቤይሩት ነው። ከአልጋዋ የማትነሳ አንዲት አሮጊት አስታምማለሁ፤ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ ነው ሥራዬ። እሑድ እሑድ ፈቃድ ሲሰጠኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ከዚያ ውጪ ከከተማው የማውቀው ዳቦ ቤቱንና መድኃኒት ቤቱን ነው። ጓደኞቼ “መነኩሲቷ” ይሉኛል፤ ሲሉኝ እስቃለሁ እንጂ አይከፋኝም።

ዳዊት ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ሥራ ስትውል በእኔ ጀርባ ታዝሎ ያደገ ልጅ ነው። ካደገ በኋላ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ወርቅ ሠሪ ሆነ፤ የተበጠሰ ሰንሰለት ይበይዳል፣ የጠበበ ቀለበት ያሰፋል። አግብቶ ከሰፈር ወጥቶ ነበር፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራው እዚያው ፒያሳ ስለሆነ ምሳውን እናቴ ዘንድ ነበር የሚበላው። አንድ ቀን እንደተቀመጠ ግራ ጎኑ ከዳው። ሆስፒታል ገባ። የቤተሰቡ ሽማግሌ የእናቴ ወንድም ጋሼ ዘውዴ ናቸው፤ እሳቸው ለእናቴ፣ ዳዊት ትንሽ እጁን እንደያዘው፣ ሐኪሞቹም ወንዶ ገነት ወርዶ በፍል ውሃ እንዲታሽ እንዳዘዙለት ነገሯት። ይህን ሲሏት ወንድሜ ገና በሕይወት ነበር፤ ምናልባትም ተስፋ አድርገው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ዳዊት ሞተ፤ ወንዶ ገነቱ ግን በእናቴ ልብ እንደ እውነት ሆኖ ቀረ።

እኔ መርዶዬን የሰማሁት ከስልኬ ነው። የአሮጊቷን ሾርባ እያቀዘቀዝኩ ፌስቡክ ብከፍት የዳዊት ፎቶ ሻማ ተለጥፎበት ወጣ። ከሥሩ “ነፍስህን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን” የሚል ጽሑፍ አለ። የለጠፈው የሥራ ጓደኛው ነው፤ ውጭ አገር እህት እንዳለችው ምናልባት ረስቶት ይሆናል። ሾርባውን አጠጥቼ ጨረስኩ፤ የአሮጊቷን አፍ ጠረግሁ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ።

ለጋሼ ዘውዴ ስደውል መጀመሪያ ያሉኝ “በማን ሰማሽ?” ነው። እናቴ እንደሆነች አልሰማችም። ደም ግፊቷ ያሰጋል፤ ልጇ አጠገቧ ሳትኖር አትረዳም፤ ስለዚህ እኔ እስክመጣ ይጠበቃል አሉኝ። እኔ ደግሞ የምትተካኝ ሰው እስክትገኝ ፈቃድ ዘገየብኝ። አርባው እንኳ እናቴ ሳታውቅ፣ መሠረት ቤት፣ በጸጥታ ወጣ። መሠረት የዳዊት ሚስት ናት።

ቦሌ የተቀበሉኝ ጋሼ ዘውዴ ናቸው። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ መሐረባቸውን ሰጡኝና፣ በመኪና እየሄድን፣ እናቴ ፊት ምን እንደምል አስጠኑኝ። ዳዊት ደህና ነው፤ እግሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ምላሱ ገና ስላልተፈታ በስልክ አያወራም። ይኸው ነው። ደግመው ደጋግመው አስባሉኝ፤ ልክ ውዳሴ ማርያም እንደሚያስቀጽሉኝ ሁሉ።

ግቢያችን ስንደርስ ወደ ቤቴ አልገባሁም። ከእናቴ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ወሎዬ ጎረቤት አሉን፤ ወደ እሳቸው ቤት አስገቡኝ። ከበሩ ጀርባ ባለው መስቀያ ላይ ጥቁር ነጠላ፣ ጥቁር ሻርፕ፣ ጥቁር ሹራብ ተደራርቦ ተሰቅሏል። እናቴን ሊጠይቅ የመጣ ሐዘንተኛ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይገባል፤ ጥቁሩን አውልቆ ነጭ ለብሶ ወደ እናቴ ይሻገራል። ሲመለስ ጥቁሩን መልሶ ይለብሳል። እትዬ ዘሀራ የእኔንም ጥቁር ቀሚስ ተቀብለው ሰቀሉት።

“አላህ ያጥናሽ ልጄ” አሉኝ። “በይ ፊትሽን ታጠቢ፤ ዓይንሽ ያሳብቃል።”

እናቴ ስታየኝ አገላብጣ ሳመችኝ፤ ከስተሻል አለችኝ፤ ዓይንሽ ምነው ቀላ አለችኝ። የአውሮፕላኑ ነው አልኳት። ገና እህል ሳልቀምስ ነገሩን አወጣችው።

“እግሬ አስሮኝ ነው የቀረሁት እንጂ ልጄን ሰው አገር ጥዬ አልቀመጥም ነበር” አለች። “አሁን አንቺ መጥተሻል። ወንዶ ገነት ትወስጂኛለሽ። ሁለት ሌሊት ብቻ። እሱንም አያለሁ፤ እግሬንም እነክርበታለሁ።”

ከአባቴ ጋር በሙሽርነቷ ጊዜ አንድ ቀን ሄዳ ነበር። ውሃው ከተራራው እየጨሰ ሲወርድ፣ ጦጣዎቹ ከእጇ ላይ ዳቦ መንትፈው ዛፍ ላይ ወጥተው ሲስቁባት፣ አባቴ ደግሞ ከጦጣዎቹ ጋር ሲስቅባት፣ እያስመሰለች ነገረችኝ። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሲያመኝ ተሰማኝ።

በማግስቱ ጋሼ ዘውዴን ምኒልክ አደባባይ አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት አግኝቼ ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። ሻያቸውን አማስለው ትንሽ አሰቡና ጥሩ ነው አሉ።

“ምኑ ነው ጥሩ?”

“ቅዳሜ ንጋት እንነሳለን በያት። መንገደኛ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ለባብሶ ነው የሚጠብቅ። እኛ ያኔ እንገባለን። ከእንቅልፏ ቀስቅሰን ከምናስደነግጣት ነቅታ ተቀምጣ ብትሰማ ይሻላል። ቅዳሜ ስለሆነም ሰው አይጠፋም።”

“ጋሼ፣ ልጄን ላየው ነው ብላ ሻንጣዋን ይዛ ስትጠብቅ?”

“ታዲያ በየትኛው ቀን ይሻላል? አንቺ ንገሪኝ እስቲ።” ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፉት። “እኔ እኮ ሬሳውን ተሸክሜ ቀብሬ፣ ከመቃብር ቀጥዬ እሷ ዘንድ ሄጄ ደህና ነው ያልኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀን ስፈልግላት ነው የቆየሁት። ደህና ቀን የለውም፤ ሙሉዬ።”

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ተቆረጠ።

ያን ሳምንት ቤታችን የጉዞ ቤት ሆነ። እናቴ ዕቅድ ስታወጣ አይታችሁ አታውቁም። ዓርብ ጾም ስለሆነ በጾም መንገድ አንወጣም፣ ቅዳሜ ጥሩ ነው፣ ሰኞ ማታ እንመለሳለን አለች። ከቃሊቲ አውቶቡስ ይሻላል ወይስ ሰው ተጠይቆ መኪና ይያዝ? ማደሪያው ውሃው አጠገብ ነው ወይስ ታች ከተማው? ለገላ መታጠቢያ ራቁት የሚገቡ ሴቶች አሉ ይባላል፤ እኛ ግን በረጅም ሸሚዝ ነው የምንገባው። ዳቦ ቆሎ ተቆላ፣ በሶ ተፈጨ። ዳዊት ሌላ ሰው ሲላጨው ስለማይወድ ምላጭና ትንሽ መስታወት ተቀመጠለት። የዳዊት ጋቢ ጥለት ጭቃ ነክቶት ነበር፤ ራሷ ተቀምጣ አጠበችው።

ሰፈሩ ሁሉ አብሯት አቀደ። አንዷ ጎረቤት መጥታ ሻሸመኔ ስትደርሱ ይቅለልሽ፣ ከዚያ ቅርብ ነው ትላታለች። ሌላዋ ውሃው ላይ ብዙ እንዳትቆዪ፣ ራስ ያዞራል ብላ ትመክራታለች። ከዚያ እየወጡ እትዬ ዘሀራ ቤት ገብተው ጥቁራቸውን ለብሰው ያለቅሳሉ። ማንም ክፉ አልነበረም። ይህን አስምሩልኝ። አንድ ሙሉ ሰፈር አንዲት ሴት እንዳትጎዳ ብሎ አፉን ይዞ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ የመሠረት ነገር ነው። ሮብ ዕለት ልትጠይቅ መጣች። ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ አንገቷ ግን ያሳዝናል፤ ክር ሆኗል። እናቴ ቀና ብላ እንኳ በደንብ ሰላም አላለቻትም።

“ከማን ጋር ጥለሽው መጣሽ?”

“ከአስታማሚው ጋር ነው፣ እማማ።”

“አስታማሚ! ሚስት እያለችው። እኔ በአንቺ ዕድሜ ብሆን ከእግሩ ሥር አልነቃነቅም ነበር። አንቺ ግን ይኸው በየሳምንቱ ፒያሳ ነሽ።”

“እውነትዎን ነው” አለች መሠረት፤ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ስማ ወጣች።

ተከትያት እትዬ ዘሀራ ቤት ስገባ ጥቁሯን ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እናቴ አውቃ አይደለም፤ ተይላት አልኳት። አታልቅሽ አለችኝ። “ትስደበኝ። እሷ ቢያንስ ስሙን እየጠራች ነው። እኛ ቤት ከአርባው ወዲህ ማንም አይጠራውም።”

ሐሙስ እናቴ ለውሃ ዳር የሚሆን የላስቲክ ነጠላ ጫማ ግዢ ብላ ላከችኝ፤ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለዳዊት። ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ብዙው የማውቀው ነገር የለም፤ ልጅ ሆነን ዳዊትን አዝዬ የማልፍበት ቅያስ አሁን ሰፊ መንገድና የተተከለ ሣር ነው። የወርቅ ቤቱ ግን አለ። በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ፤ በእሱ ወንበር ላይ ሌላ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሰንሰለት ይበይዳል። አልገባሁም።

ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ ጫማ የሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ቆምኩ። አርባ ሦስት ቁጥር አለህ ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

“ባልሽ ወታደር ነው እንዴ? ይኼ ጫማ አይደለም፣ ታንኳ ነው።”

“ለወንድሜ ነው።”

“ይምጣና ይለካው። ካልሆነው እለውጥልሻለሁ።”

“አይመጣም። ክፍለ አገር ነው።”

“ችግር የለም፣ ሲመጣም ይምጣ። እኔ የትም አልሄድም፤ እስካልፈረስኩ ድረስ” ብሎ ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። ጫማውን በጥቁር ፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ፌስታል የከበደ ነገር ተሸክሜ አላውቅም፤ አሮጊቷን እንኳ ከአልጋ ሳነሳ።

ዓርብ ደረሰ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ከቀትር በኋላ አልጋዋ ላይ ሆና ሻንጣውን ፊቷ ከፍታ የመጨረሻውን ዕቃ ትሰካለች፤ እኔ ከአጠገቧ ጋቢውን አጥፋለሁ። የዳዊትን ጫማ አነሳችና ሶሉን በአውራ ጣቷ ፈተገችው።

“ግራ እግሩ ገና ካልታዘዘለት ይኼ ያንሸራትተዋል” አለች። “እግሩን አነሳ አይደል ያሉት?”

“አዎ።”

“ደህና ነው አይደል?”

“ደህና ነው እማዬ።”

“እስቲ በጊዮርጊስ በይኝ።”

በጨዋታ ነበር ያለችው። እኛ ሰፈር ቲማቲም ሲገዛም በጊዮርጊስ ይባላል። እኔ ግን በልጅነቴ እሷው ናት በሐሰት የማለ ሰው ምን እንደሚሆን አስተምራ፣ ይህን ስም ከቀልድ የለየችልኝ። አፌን ከፈትኩ። የሰማዕቱ ስም ምላሴ ላይ መጥቶ ቆመ። ጋቢውን አጠፍኩት፤ መልሼ ዘረጋሁት፤ እንደገና አጠፍኩት።

እናቴ እጇ ሻንጣው ውስጥ እንዳለ ቀና አለች።

“ሙሉ።”

“አቤት።”

“በጊዮርጊስ በይኝ።”

ይኼኛው ጨዋታ አልነበረም። ከአልጋው ጫፍ ወርጄ መሬት ላይ ተንበረከክሁና ጉልበቷን ያዝኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችኝም። “መቼ?” ብቻ አለች።

“ከጥምቀት በፊት።”

የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ ጎረሰችው። በሁለት እጇ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የአልጋው ብረት ይንጫጫል፤ ድምፅ ግን የለም። ላቅፋት ስነሳ በጣቷ በሩን አሳየችኝ። ዝጊው ማለቷ ነው። ዘጋሁት። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ዘሀራ ከሰው ጋር ሲያወሩ ይሰማል።

እንባዋ ሳይሆን ላቧ ነው መጀመሪያ የፈሰሰው። ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ይኼኔ ነው የጋሼ ዘውዴ ፍርሃት የገባኝ። ውሃ ላምጣ ስላት ጾሜ ነው ብላ በራሷ ምልክት ሰጠችኝ። ነጠላውን ከአፏ ስታወጣው ጥርሷ የነከሰው ቦታ ተበስቶ ነበር።

ከዚያ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ማን አጠበው? የት ነው ያረፈው? ሲሞት ማን ነበረ? ቄስ ደርሶለታል? የማውቀውን ነገርኳት። የማላውቀው ይበዛ ነበር፤ እኔም አልነበርኩማ።

“ዘሀራም ታውቃለች?”

“ታውቃለች።”

“ማኅበርተኞቼስ?”

“ሁሉም፣ እማዬ።”

“ለካ በገዛ ልጄ ሞት የሩቅ ሰው እኔ ነኝ” አለች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። ጉንጯን በጥፍሯ ልትቧጭር ስትል እጇን ያዝኩት። “መሠረት! ወይኔ ልጄ። በቁስሏ ላይ ቆሜ ስረግጣት ነው የከረምኩት።”

መቼ እንደሚመጡ ጠየቀችኝ። ነገ፣ ለመንገድ ስንነሳ አልኳት። ሻንጣውን አየችው። ትቆጣለች፣ በሩን ከፍታ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ።

“ይምጡ” አለች። “አንቺ እንደነገርሽኝ ግን እንዳትተነፍሺ። እናቷን ያለሰው አርድታ ልትገድላት ነበር ይሉሻል። አንቺ ትሄጃለሽ፤ ሲያሙሽ እዚህ ተቀምጬ የምሰማው እኔ ነኝ። ዘውዴም ይህን ሁሉ ተሸክሞ ኖሮ ከንቱ አይሁንበት።”

“እንዴት አድርገሽ ትችይዋለሽ?”

“አንቺ ይህን ሳምንት እንዴት አድርገሽ ቻልሽው?”

ያን ዕለት ጾሟን አልፈታችም። ምሽት ላይ እትዬ ዘሀራ ብቅ ብለው ስንቁ አለቀ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች፣ “ጨርሰናል ዘሀራ፣ ተባረኪ” አለቻቸው። ስለዚያ ሌሊት ምንም አልጽፍም።

ጎህ ሲቀድ ታጥባ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሻንጣው እግሯ ሥር ነው። የግቢው በር ሲከፈት፣ የብዙ ሰው ኮቴ ሲመጣ፣ ሰማን። እጄን ጨበጠችኝ፤ ለቀቀችኝ። ከዚያ ውጪ እንዲሰማ አድርጋ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

“ሙሉ፣ መኪናው መጣ መሰለኝ። ክፈቺ።”

ከፈትኩ። ጋሼ ዘውዴ ከፊት፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ከኋላቸው፣ ሴቶቹ ሁሉ ጥቁር። ያ ሁሉ ከበር ጀርባ ተሰቅሎ የከረመ ጥቁር ያን ጠዋት ሰው ለብሶት ገባ።

“አስካለ” አሉ ጋሼ ዘውዴ፣ እናቴን በስሟ ጠርተው።

“ምነው ዘውዴ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሊሸኘኝ ነው እንዴ? ለሁለት ሌሊት እኮ ነው የምሄደው።”

አንዲት ሴት ከኋላ መቻል አቅቷት አለቀሰች። ጋሼ ዘውዴ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ጠሩ፤ ዳዊት አርፏል አሉ። እናቴ ጮኸች። ደረቷን መታች፣ ነጠላዋን ጣለች፤ ጩኸቷ ድልድዩ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ሁለት ሴቶች ክንዷን ያዟት። እኔ ከጥግ ቆሜ አያታለሁ፤ የትኛው የእውነት፣ የትኛው ለእኔ ስትል የምታደርገው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እናቷ ስታለቅስ እንዲህ ብላ የምትመረምር ልጅ አያድርጋችሁ።

አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። መሠረት ከሰው ኋላ ሆና ስትገባ እናቴ ከያዟት ሴቶች እጅ አመለጠች። መሬት ወድቃ የመሠረትን እግር አቀፈች። “ይቅር በይኝ፤ አፈር ልብላልሽ፣ ይቅር በይኝ” ትላለች። ሰዉ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷት ነው ብሎ ደነገጠ። መሠረትም አብራት ወደቀች። እሱ ማስመሰል አልነበረም።

ከዚያ ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ተቀመጠ። በእነዚያ ቀናት ደጋግሜ የሰማሁት ነገር፣ አረዳዱ ምንኛ እንደተሳካ ነው። አልወደቀች፣ ደም ግፊቷም አልተነሳ፤ ለባብሳ ተቀምጣ መስማቷ በጀ ይባባሉ ነበር። ጋሼ ዘውዴም ጎኔ ተቀምጠው፣ “አየሽ ሙሉዬ፣ እግዜር ረዳን” አሉኝ። ፊታቸው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕረፍት አየሁ። አዎ ጋሼ አልኳቸው። ሌላ ምን እላቸዋለሁ?

ሻንጣውን አንዷ ከመንገድ ላይ ለማንሳት ስትል ወደ ጓዳ ወስዳ ከፍታው ኖሮ፣ ዳቦ ቆሎው ለለቀስተኛ ቀረበ። የዳዊትን ጫማ ደግሞ አንድ ሰው ሽንት ቤት በር ላይ አኑሮት፣ ድንኳን የተቀመጠው ወንድ ሁሉ እየተቀያየረ ያጠልቀዋል። ሄጄ ላነሳው ስል እናቴ በመስኮቱ አይታኝ ራሷን ነቀነቀች። ተይው ማለቷ ነው። ተውኩት።

ልመለስ ስል፣ በመጨረሻው ቀን፣ ብቻችንን ሆንን። ምን እንዳሰበች ሳልጠይቃት ራሷ ጀመረች።

“ዓርብ ነጠላ ጎርሼ ነበር” አለችኝ። “ቅዳሜ ደግሞ እንዳያውቁብኝ እየተጠነቀቅሁ ነበር። እስቲ ንገሪኝ፣ ሙሉ፣ ልጄን በየትኛው ላይ ነው ያለቀስኩት?”

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ቆየ፤ እኔ ግን ጥያቄዋን ይዤ ነው ቤይሩት የተመለስኩት። ልማዱን ጣሉት ልላችሁ አልደፍርም። ላብ ሲያጠምቃት አይቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ የሚፈሩትን ያውቃሉ። ነገር ግን ሐዘን የባለቤቱ ነው። እናንተ “ለእሷ ብለን ነው” እያላችሁ ቀን ስትቆርጡ፣ በዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ የምትኖረው ሴት ለማትመጣ ነፍስ ጋቢ ታጥባለች፤ ባሏ የሞተባትን ምራቷን ትሰድባለች፤ እናንተ የቀበራችሁትን ሰው ትጠብቃለች። ቀኑ ሲደርስም እንባዋን የምታወጣው እናንተ በመረጣችሁት ሰዓት፣ በእናንተ ፊት ነው። ለእሷ የቀረላት የቱ ነው?

በእኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። “ደህና ነች” የሚለው ቃል ሞተብኝ። ስሸኝ ጋሼ ዘውዴን አየር ማረፊያ ላይ ለመንኳቸው፤ እናቴ አንድ ነገር ብትሆን በዚያችው ሰዓት ይደውሉልኝ፣ ሰው እስኪሰበሰብ አይጠብቁ አልኳቸው። እሺ አሉኝ፤ ግንባሬን ሳሙኝ። እሺታቸውን አውቀዋለሁ። እየዋሹ አልነበረም፤ ግን ያን ሰዓት ሲደርሱበት ምን እንደሚያደርጉ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

አሁን ወደ ቤት ስደውል ሌላ ሰው ካነሳ እፈራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ይሉኛል፤ ተኝታለች ይሉኛል፤ መሠረት ወስዳታለች ይሉኛል። እውነታቸውን ይሆናል። እኔ ግን ስልኩን አልዘጋም። ወንበሩ ላይ አስቀምጡልኝና እስክትመጣ እጠብቃለሁ እላለሁ። የግቢው ድምፅ ይሰማኛል፤ የሰው ወሬ፣ የቧንቧ ውሃ፣ የእትዬ ዘሀራ ሳል። ትናንት እንዲህ ሆኜ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ የከዘራዋ ኳኳታ መጣና ስልኩን አነሳችው። ምን ሆነሽ ነው፣ ሥራ የለሽም ብላ ተቆጣችኝ።

ምንም አልሆንኩም አልኳት። አለሽ ወይ ልልሽ ነው።

“አለሁ” አለች።

እሱን ከራሷ አፍ ከሰማሁ በኋላ ነው ወደ አሮጊቷ አልጋ የተመለስኩት።